የአማቴ ጣዎስ ደጅ የተሰጣ ዕለት

ሴትን ልጅ ከክፉ ባል ይልቅ ባዶ ግድግዳ ያሳብዳታል! አዎ፣ ብያለሁ። ከፈለጋችሁ ተቆጡ፣ ካሻችሁም ይህን ጋዜጣ እሳት ለኩሱበት… እኔ ግን የራሴን ነው የምናገረው። ክፉ ባል ቢያንስ ቀኑን ሥራ ይውላል። ባዶ ግድግዳ ግን የትም አይሄድም። ሶፋው ላይ ቁጭ ባላችሁ ቁጥር ፊት ለፊታችሁ ተገትሮ «እኔን እንዲህ ራቁቴን አስቀርተሽ አንቺ ሻይ ትጠጫለሽ?» ይላችኋል።

የኔው ግድግዳ ፍኖተ ሰላም ነው ያለው፤ ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ። ለብዙ ጊዜ ተቻችለን ኖረናል። ያጣላን ስልክ ነው። ስልክ ማለት የሌላ ሰው ግድግዳ የሚያሳይ ዕቃ አይደል? አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጋደም ብዬ ስነካካው አንዲት ፈረንጅ ብቅ አለች። ሴትዮዋ አያቷ የጠለፉትን አሮጌ ጨርቅ ሁሉ ቆራረጠችና ቁራጩን ከቁራጭ ገጣጠመች። በመሐል ጥጥ ጠቀጠቀች፣ ከኋላ ገበር አለበሰች፣ ከዚያ ሦስቱንም አንድ ላይ በመርፌ እየወጋጋች ጉብ ጉብ አድርጋ ሰፍታ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። በየወቅቱ ነው የምትቀያይረው! በረዶ ሲወርድ የበረዶ፣ ቅጠል ሲረግፍ የቅጠል፣ አበባ ሲፈነዳ የአበባ። ሰቅላ ስትጨርስ ዘወር ብላ አየችኝና «ያንቺስ ግድግዳ?» አለችኝ። በእውነት ብላለች! ቋንቋዋ ባይገባኝም ዓይኗ ገብቶኛል።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? ዶሮዋ እኔ ነኝ።

እርግጥ ነው፣ እኛ አገር በረዶ የሚወርደው ባቄላ ሊያጠፋ እንጂ ግድግዳ ሊያስጌጥ አይደለም። ቢሆንም የራሳችን አራት ወቅት አለን። መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ፣ ክረምት… ማን ከማን ያንሳል? አራቱንም በአንድ ጨርቅ ላይ አደርጋቸዋለሁ አልኩ። የቸገረኝ ጥልፉ ነው። እኔ መርፌ የምይዘው እሾህ ለማውጣት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሰይጣን ዓይኔን ወደ አልጋው ሥር የመለሰው።

አልጋችን ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ሳጥኑ የአማቴ የእመት የሻረግ ነው። አማቴ ቡሬ ነው የሚኖሩት፤ በወጣትነታቸው በዚያ ሁሉ አገር እንደ እሳቸው የሚጠልፍ አልነበረም ይባላል። ሳጥኑ ውስጥ ሲያገቡ የጠለፉት የትራስ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ፣ የወንበር ልብስ ሁሉ አለ። ጅራቱን የዘረጋ ጣዎስ፣ አፍ ለአፍ የገጠሙ ሁለት ርግቦች፣ የወይን ዘለላ፣ ቢጫ አበባ፣ በቀይ ክር የተጻፈ «ደህና እደሩ» ሳይቀር። አምና ቤታቸውን ምስጥ ሲገባው ሳጥኑን አምጥተው እንዲህ ብለው ሰጡኝ።

«ይኸን አደራ አስቀምጭልኝ ልጄ። የሞትሁ ዕለት ደጅ አውጥተሽ ትሰቅይልኛለሽ።»

ወጉ እንዲህ ነው። በኛ አገር ሰው ሲሞት ዕቃው ደጅ ይወጣል። የወንዱ ጠመንጃና ካፖርት፣ የሴቲቱ ቀሚስና የእጅ ሥራ ይወጣና ለቀስተኛው እሱን እያየ፣ እሱን እየጠራ ያለቅሳል። ባለሙያ ሴት ሙያዋ ታይቶ ካልተለቀሰላት ሞተች አይባልም፣ ጠፋች ነው የሚባለው። ስለዚህ ያ ሳጥን ለእመት የሻረግ የመጨረሻ ቀን ክብራቸው ነው። ይህን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። እያወቅሁ ግን ለራሴ ምን አልኩት? «ስቀይው ነው ያሉኝ። ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ያው አይደለም? እንዲያውም በሕይወት ሳሉ ያዩታል!» አደራ በላ ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

መቀሱን አነሣሁ።

ቢጫውን አበባ ለመፀው አደረግሁት፤ ማለፊያ። የወይኑን ዘለላ ለፀደይ። ክረምት ላይ ስደርስ እመት የሻረግ ዝናብ ጠልፈው አያውቁም። ምን ላድርግ? የጣዎሱን ጅራት ቆርጬ ቁልቁል አንጠለጠልኩትና ዝናብ አልኩት፤ ጅራት የለሹን ጣዎስ በጋ ላይ አሳረፍኩት። ሁለቱን ርግቦች ደግሞ ቦታ ስላልበቃኝ ለያየኋቸው፤ አንዷን መፀው ላይ፣ አንዷን በጋ ላይ። መሐሉ ባዶ ቢሆንብኝ «ደህና እደሩ»ን እንዳለ ለጠፍኩበት። ከገበያ ባዘቶ ገዝቼ በውስጡ ነሰነስኩ፣ ገበር አለበስኩት፣ ጣቴን እየወጋሁ ሰፋሁት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ያወጣው ሰው የኔን ስፌት አይቶ መሆን አለበት።

ባሌ ሙሉቀን ለመስክ ሥራ ወደ ገበዝ ማርያም ሊሄድ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲወጣ አየው።

«ምንድን ነው ይኸ ድሪቶ?»

«ድሪቶ አይደለም! የወቅት ጌጥ ነው።»

«ቁራጭ በቁራጭ ላይ ተጥፎ ነው እኮ የተሰፋው።»

«አዎ።»

«እኔ ይኸንኑ ለብሸ አይደል ያደግሁት? ያኔ ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉኝ ጌጥ ነበርሁ ማለት ነው?» አለና ሄደ። የእናቱ ጥልፍ መሆኑን እንኳ ልብ አላለም። ወንድ ልጅ እናቱ በጠለፈችው ትራስ ላይ ተኝቶ ያድጋል እንጂ ትራሱን አያየውም።

ሥራዬ ሲያልቅ ጨርቁ ናፍታሊን ናፍታሊን ሸተተኝ። ፀሐይ ይምታው ብዬ ደጅ ገመድ ላይ ሰጣሁት። ጓሮ ለምን አልሰጣሽውም አትሉኝም? በመንገዱ በኩል ፀሐይዋ ደህና ናት። ደግሞ… እውነቱን ልናገር፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ነው። ከዚያ መስቀያ ብረት ልገዛ የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ገበያ ወረድኩ።

እኔ ገበያ ሳለሁ እትዬ ብርቄ በደጃችን አለፉ። እትዬ ብርቄ የቡሬ ሰው ናቸው፤ ከእመት የሻረግ ጋር አብረው ያደጉ፣ ያ ጣዎስ ሲጠለፍ አጠገቡ ቁጭ ብለው ክር ያቀበሉ። ምን አዩ? የየሻረግ ጣዎስ ደጅ ወጥቷል። የግቢው በር ተከፍቷል። ቤት ውስጥ ሰው የለም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ መሐል ላይ በቀይ ክር «ደህና እደሩ» ይላል! እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እትዬ ብርቄ አንድ ጊዜ «ወየው!» አሉና ደረታቸውን መቱ። በፍኖተ ሰላም አንዲት ሴት «ወየው» ካለች የቀረውን ሰፈሩ ራሱ ይሠራዋል።

እኔ ብረቱን መርጬ፣ ተከራክሬ፣ አንዲት የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬን አግኝቼ ስለ ጌጤ ጉራዬን ነዝቼ ስመለስ፣ መታጠፊያው ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከፊቴ ሲሄዱ አየሁ። ነጠላ ከተዘቀዘቀ ሰው ሞቷል። አጠገቤ የሚሄደውን የማላውቀውን ሰውዬ «ማን ሞተ?» አልኩት።

«የሙሉቀን እናት ናቸው አሉ። የቡሬዋ።»

ብረቱ ከእጄ ወደቀ።

ግቢዬ ስደርስ ሰው ሞልቶታል። የእድራችን ዳኛ አያ ደሴ ድንኳን እያስተከሉ ነው። አንዱ ጥግ ንፍሮ ተጥዷል። እኔን ሲያዩ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ማንም «እንዲህ ሆነ» ብሎ አልነገረኝም፤ ለምን ይነግረኛል? ጥልፉን ደጅ ያወጣሁት እኔው! እኔም ማንንም «ከማን ሰማችሁ?» አላልኩም፤ ይህ ሁሉ ሰው ድንኳን ተክሎ ይሳሳታል? እነሱ ከእኔ ሰሙ፣ እኔ ከእነሱ ሰማሁ። ሙሉቀን ጋ ደወልኩ፤ ገበዝ ማርያም ኔትወርክ የለም። የአማቴን ስልክ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። የእመት የሻረግ ስልክ ባትሪ እንዳይጨርስ ሁልጊዜም ዝግ ነው፤ ያን ዕለት ግን ዝግ መሆኑ ማስረጃ ሆነብኝ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት የሚባለው ደግሞ ለኛ ሰፈር ነው። አንዷ «ለኩላሊቷ ባሕር ዳር ሂዳ ነው አሉ ያረፈችው» ትላለች። ሌላዋ «አስከሬኑ መንገድ ላይ ነው» ትላለች። እኔ እዚያው እያለቀስኩ ተቀየምኩ፤ ባሕር ዳር ድረስ ለሕክምና ሲሄዱ እንዴት ለእኔ አይነግሩኝም?

እትዬ ብርቄ ከጨርቁ ፊት ቆመው፣ ወገባቸውን በነጠላ ታጥቀው ሙሾ ያወርዳሉ።

ጣዎሱን ርግቡን ስትጠልፍ የኖረች፣
ዛሬ ሞት ጠለፋት እሷም ተጠለፈች!

ሰው እንባውን አወረደው። ተራው የእኔ ነበር። የአገሬን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ምራት አማቷን እንዴት እንደምታለቅስ ለማየት ሁሉም ለቅሶውን አቁሞ ጆሮውን ያቀናል። ያለቀሰች መስላ ብትገኝ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ወሬ ነው። እኔ ግን የማስመሰል ነገር አልነበረብኝም። ቀና ብዬ ያን ጣዎስ ሳየው፣ ያን ሁሉ ክር በወጣት እጃቸው ሲጎትቱት ታየኝ። ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ ከቡሬ መጥተው ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ እማዬ» ብዬ ደህና አድርጌ አላመሰገንኳቸውም። ይህ ሲመጣብኝ አፌ በራሱ ተከፈተ።

ወጤ ጨው ቢበዛው ጣፈጠኝ ያለችኝ፣
አማት እንዳልላት እናት የሆነችኝ!

ድንኳኑ በእንባ ታጠበ። (የወጡ ነገር ውሸት ነው። እመት የሻረግ ወጤን ሲቀምሱ ፊታቸውን የሚያጨማድዱት ማጨማደድ… ለሞተ ሰው ግን ማን እውነት ይናገራል?)

አሁን ወደ አያ ደሴ ልመልሳችሁ። አያ ደሴ ዘመድ ወጥቶ አስከሬኑን ይቀበል ብለው፣ ቡሬ ለሚኖረው ለሙሉቀን አጎት ደውለው ኖሯል። ግን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ያሉት «ሙሉቀን ቤት ነገር አለ፣ ዘመድ ይዘህ ድረስ» ብቻ ነው። አጎትየውም ማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ መጠየቁም ነውር ነው። በጨዋ ደንብ ዝም ብሎ ዘመድ መሰብሰብ ጀመረ። ሙሉቀን ቤት ነገር ካለ ደግሞ ከዘመድ ሁሉ ቀድሞ ሊነገራት የሚገባ ማን ናት? የሙሉቀን እናት!

ከቡሬ የመጣው ሚኒባስ ደጃችን ሲቆም ከውስጡ የሚወጣው ዋይታ የኛን አስናቀው። ከውስጥም ከውጭም ዋይታው ገጠመ። ወጉ ነውና፣ መጤውን ዘመድ ልቀበል እጄን ዘርግቼ ሮጥኩ። ከሚኒባሱ ከወረዱት ፊት ያሉት፣ ነጠላ እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ እናት አንገቴን አቀፉኝ፣ እኔም ዓይኔን እንባ እንደጋረደው አንገታቸውን አቀፍኳቸው።

«ወይ እማዬ! ወይ እማዬ!» እላለሁ እኔ።

«ወይ ሙሉቀኔ! ወይ ትርንጎዬ!» ይላሉ እሳቸው። ትርንጎ እኔ ነኝ፤ ማናችን እንደሞትን ስላልተነገራቸው ለጥንቃቄ ሁለታችንንም ነበር የሚያለቅሱት።

አንገት ለአንገት ተያይዘን ስንላቀስ ቆየንና… ይኸ ድምፅ? ብዬ ቀና አልኩ። እሳቸውም ቀና አሉ። ዓይን ለዓይን ተያየን።

እንዴት እንደጮህኩ አትጠይቁኝ! እትዬ ብርቄ በቆሙበት አማተቡ። አንዱ ጎረምሳ በአጥር ዘለለ። ንፍሮ ያማስሉ የነበሩት ሴት ማማሰያውን ይዘው ወደ ጓሮ ሮጡ። 

«ሙሉቀኔስ?» አሉ እመት የሻረግ።

«ደህና ነው። ገበዝ ማርያም ነው ያለው።»

«አንችም ይኸው ደህና ነሽ።»

«ደህና ነኝ እማዬ።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

ሁሉም ዳኛውን አየ። አያ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?»

«እንዲያ ነው የሰማነው።»

«መቸ?»

«ዛሬ ጧት ነው ይላሉ።»

«እኔ ሳልሰማ?»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብለው አያ ደሴ ምርመራ ጀመሩ። እኔ ከሰውዬው ሰማሁ። ሰውዬው ከሴቶቹ፣ ሴቶቹ ከእትዬ ብርቄ። «እርስዎስ ከማን ሰሙ?» ሲባሉ እትዬ ብርቄ ጣታቸውን ብቻ ወደ ገመዱ ቀሰሩ። ግቢው በሙሉ ዞሮ ጨርቁን አየ፤ ከጨርቁ ዞሮ ደግሞ እኔን።

እመት የሻረግ ቀስ ብለው ወደ ጨርቁ ሄዱ። በጣታቸው ዳበሱት።

«ይኸ የኔ ጣዎስ ነው።»

«አዎ እማዬ።»

«ጅራቱስ?»

«እ… ዝናብ ሆኗል።»

«ዝናብ?»

«ክረምትን እንዲያሳይ ብዬ…»

«ርግቦቼስ? አንድ ላይ ነበር የጠለፍኋቸው።»

«አንዷ መፀው ናት። ሌላዋ… በጋ።»

«አፋታሻቸው በይኛ።»

ለቀስተኛው ሳቁን በነጠላው አፈነ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። እሳቸው ለሞታቸው ያስቀመጡትን እኔ ለቴሌቪዥን ጎረቤት እንዲሆን ቆራርጬዋለሁ። አፈርኩ፤ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ድንጋይ ተሸክሜ እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል እሳቸው ወደ እትዬ ብርቄ ዞሩ።

«ብርቄ፣ ከመኪናው ስወርድ ‹ተጠለፈች› ስትይ የሰማሁ መሰለኝ።»

«ኧረ ተይኝ እቴ! ደንግጨ ነው!»

«በይው እንጅ። ለኔ አይደል የተገጠመ? የራሴን ነው የምጠይቅሽ።»

እትዬ ብርቄ እያፈሩ ደገሙት። እመት የሻረግ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «አሃ… ብርቄ እኮ ድሮም ታውቂበታለሽ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ።

«አንችስ?»

አልኩት። ምን ላድርግ?

«‹ወጤ ጨው ቢበዛው ጣፈጠኝ ያለችኝ›?» አሉ። «መቸ ነው እኔ ጣፈጠኝ ያልሁት?»

«ቤት እንዲመታ ነው እማዬ።»

«እሽ። ሁለተኛዋን ድገሚያት።»

ሁለተኛዋን ደገምኳት።  እመት የሻረግ ገብተው ድንኳኑ መሐል ተቀመጡ። ንፍሮው ወረደ። የመጣው ሁሉ በየተራ ለሬሳው ያዘጋጀውን ምስጋና ለባለቤቲቱ አስረከበ። አንዷ በችግሯ ቀን እህል የሰፈሩላትን አነሣች፣ አንዷ ያስታረቋትን አነሣች፣ ከቡሬ የመጡት ደግሞ ማንም እንዳይበልጣቸው ጨመሩበት። እመት የሻረግ አንዳንዱን «እሱስ እውነት ነው» ይላሉ፣ አንዳንዱን «እሱ እንኳ እኔ አይደለሁም፣ እህቴ ናት» ብለው ያርማሉ። እንዲህ ያለ ችግር ነው የሚገጥመን፤ እኛ ሰው የምናመሰግነው ማረም ሲያቅተው ነው። አያ ደሴ ብቻ ተጨንቀው ድንኳኑን ዞሩት፤ ሟች ራሷ መጥታ ንፍሮ ስትበላ እድሩ ምን እንደሚያደርግ በደንቡ ላይ አልተጻፈም።

ሙሉቀን በማግስቱ ሲመለስ እናቱ መሞታቸውንም መነሣታቸውንም መናኸሪያ ላይ በአንድ ትንፋሽ ሰምቶ ነበር። ገብቶ አቀፋቸው፣ ጨርቁን አየው፣ እኔን አየኝ። «ድሪቶ ነው ብየሽ ነበር» አለኝ።

የኔ ነገር በሽማግሌ ታየ። እመት የሻረግ ፍርዱን ራሳቸው ሰጡ።

«አደራዬን በልተሻል። የተቆረጠ ጣዎስ አይቀጠልም። ጨርቁን እኔ ወደ ቡሬ ይዤው እሄዳለሁ። ካሣሽ ግን ይኸ ነው፤ ወቅት በተለወጠ ቁጥር መጥተሽ፣ ከፊቱ ቁመሽ ትገጥሚልኛለሽ። በቁሜ። የሞትሁ ዕለትማ ማንም ይገጥማል።»

ሽማግሌዎቹ «ይገባል» አሉ። እኔም እጅ ነሣሁ። ቀሎኝም ነበር፤ ምስጋና ምን ይከብዳል ብዬ!

ይከብዳል። ለሞተ ሰው መግጠም ቀላል ነው፣ ያገኙትን መጨመር ነው። ቁጭ ብላ ለምታዳምጥ አማት ግን ውሸት አይበጅም፣ እውነቱ ደግሞ ፊት ለፊት ሲናገሩት አንደበት ያስራል። ወቅቱ ሲለወጥ የቡሬ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ መንገዱን ሙሉ ግጥም ፍለጋ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ፣ አጠገቤ ያለው ሰው የምጸልይ መስሎት አሜን አለልኝ። እመት የሻረግ ጨርቁን በራቸው ትይዩ ሰቅለውታል። ጎረቤት ጠርተዋል። በርጩማቸውን አምጥተው ከፊቱ ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔም ቆሜ፣ በላብ ተጠምቄ፣ ውሸት የሌለባትን አወጣኋት።

ወቅት ይለወጣል አበባው ይረግፋል፣
የየሻረግ እጅ ግን ዛሬም ይጠልፋል!

ጎረቤቱ «እሰይ!» አለ። እመት የሻረግ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።  በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡና ፊቴን ደህና አድርገው አዩት።

«ግጥሙስ ደህና ነው» አሉኝ። «ግን አላለቀስሽም።»